ለእኔ አይደለም፣ ለሰው ነው

ቆቦ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው ሆኖ መኖር ምን ያህል እንደሚያታክት የሚያውቀው ተጠያቂው ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ታሪክና ሥነ ዜጋ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የፎቶ ኮፒ ማሽን አስገባሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሰው ወረቀቱን ይሰጠኛል፣ እኔ አባዝቼ እመልስለታለሁ፣ ንግግር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰው ወረቀቱን ከማሽኑ ላይ ሳያነሳ ክርኑን ባንኮኒው ላይ ያስደግፍና «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» ይላል። መብራት የጠፋ ቀንማ አለቀልኝ። ማሽኑ ሥራ ሲያቆም በእሱ ፈንታ እኔ መሥራት ያለብኝ ይመስላቸዋል።

የማይጠየቅ ነገር የለም። ባጃጅ ከኋላ አራት ሰው ከጫነ ቅጣቱ ምንድን ነው? ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ድርሻ አላት ወይ? እኛ ሙስሊሞቹ የአጎት ልጅ ስናገባ ክርስቲያኖቹ ለምን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ? የሞተ ሰው ስልክ ቁጥር ለልጁ ይዛወራል? ቆቦ ለምን ቆቦ ተባለች? ስለ ራያ ታሪክ የሚጠይቀኝ ደግሞ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እሱ ከያዘው ትንሽ ዘወር ያለ ነገር ከተናገርኩ «ለካ መምህርም ወገን አለው» ብሎ የሁለት ገጽ ኮፒውን እያጠፈ ይወጣል። አኩርፎ የሄደ ደንበኛ ብዙ አለኝ። ቢሆንም እመልሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው «አላውቅም» ማለት አይሆንለትም። የማውቀውን አውቄ፣ የማላውቀውን ገምቼ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ እመልሳለሁ።

ከሁሉ በላይ ቆሽቴን የሚያሳርረው ግን ጥያቄው ራሱ አይደለም። «ለእኔ አይደለም፣ ለሰው ነው» የሚሉት ነገር ነው። እዚህ አገር የራሱን ጉዳይ የራሴ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ከጎብዬ በኩል የመጣ ገበሬ «አንድ ሰው ማሽላው ውስጥ የገባ የሰው ግመል ቢመታና ግመሉ ቢያነክስ ምን ይደርስበታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሲለኝ ዱላውን በእግሩ እየገፋ ከባንኮኒዬ ሥር ይደብቃል። «ያ ሰው ዱላውን የት አደረገው?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሳቀ እንጂ «እኔ ነኝ» አላለም። ሴቶቹም እንደዚያው ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ፣ አንዲት የማውቃት ልጅ ይሉና ስለዚያች ጎረቤት ሲያወሩ የራሳቸው ዓይን ይሞላል። እኔ አውቃለሁ፤ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ። ያም ሆኖ ያን የሌለ ሰው መሃላችን አስቀምጠን ስንመክረው እንውላለን።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ይህን እያነሳሁ ስነጫነጭ «ተዋቸው እንጂ፣ ፊታቸውን የሚሸፍኑበት ነው» ትለኝ ነበር። እኔ አልተውኩም። ሰው እንዴት «እኔ» ለማለት ያፍራል እያልኩ ስናደድ ኖርኩ። በአንድ ነገር ግን እኮራ ነበር። ያ «ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ፣ ጠያቂው ገና በሩ ላይ ሳለ እለየዋለሁ ባይ ነበርኩ።

ልጄ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። ያለችኝ አንድ እሷ ናት። ዋጃ አግብታ ልብስ ትሰፋለች፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ከዋጃ ቆቦ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን ብዙም አትመጣም ነበር። ያን ቀን መብራት ጠፍቷል። ሦስት ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው መብራት እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ በጥያቄ ናላዬን አዙረውታል። ልጄ ሳመችኝና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የልጅ ልጄ የእናቷን ጉልበት ተደግፋ ቆመች፤ ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለችና «አባባ፣ ውሃ ጠምቶኛል፤ ለእማዬ ንገራት» አለችኝ።

እናቷ እኮ አጠገቧ ናት! ሳቄ መጣ። «አንቺ ደግሞ አስተርጓሚ ልታደርጊኝ ነው?» አልኳት። ሰዎቹም ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም፤ ከቦርሳዋ የውሃ ኮዳ አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት።

ትንሽ ቆይታ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር» አለች።

«አንቺም?» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ተናድጄ ነበር።

«ለእኔ አይደለም። አንዲት ደንበኛዬ ናት። ባሏ አያናግራትም።»

«ተጣልተው ነው?»

«መጀመሪያ ሳይጣሉ አይቀሩም። አሁን ግን ምክንያቱንም የረሱት ይመስለኛል። ሰላም ብትለው አይመልስም፤ ብትጠይቀው አይመልስም። ከሰው ጋር ይጫወታል፣ ይስቃል። ለእሷ ሲሆን ቃል የለውም። እና፣ ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ ደንቡ ምን ይላል?»

ደንብ ስትል የመምህርነት ድምፄ መጣ። «መታት?» አልኩ።

«አይ።»

«አስራባት?»

«ኧረ አላስራባትም።»

«ሌላ አገባባት?»

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ ሽማግሌ ፊት ቀርባ ምን ልትል ነው? ዝም አለኝ ልትል? ዝም የሚል ባል አግኝታ ነው የምታማርረው? ግማሹ የቆቦ ሴት የሚመኘው እኮ ነው!»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። መብራት ከሚጠብቁት አንዷ ሴትዮ «ወላሂ፣ የኔን በለወጠችኝ!» አለች። ጨዋታው ሰመረልኝ፤ እኔም ጨመርኩበት። «ሂጂ ልጅሽን አሳድጊ፣ ቤትሽ ተቀመጪ በያት» አልኩ። ልጄም ሳቀች። ያ ሳቋ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ሻሿን አጠበቀች፣ «እነግራታለሁ» አለች፣ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ወዲያው መብራት መጣ፤ ወደ ማሽኔ ዞርኩ።

የሌላውን «ሰው» ከበር የምለየው ሰውዬ፣ የገዛ ልጄን አጠገቤ ተቀምጣ አላወቅኋትም። ወይም ማወቅ አልፈለግሁም። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ለዒድ ዋጃ ሄድኩ። አማቼ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። ጥሩ ተጫዋች ነው፤ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት እንደዘገየ፣ የማሽላው ነገር፣ የመንገዱ ነገር፣ ሁሉን እያነሳ አጫወተኝ። ልጄ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከእሱ ሁለት እርምጃ ብትርቅ ነው። ድንገት ጨዋታውን አቋረጠና ወደ ልጅቷ ዞሮ «እናትሽን ሻይ አምጪ በያት» አላት።

ልጅቷ ዞር ብላ «እማዬ፣ ሻይ አምጪ ብሎሻል» አለች።

ሻዩ መጣ። ልጄ ፊቱ ቆማ «ስኳር ልጨምር?» አለችው። እሱ ስለ መንገዱ የጀመረውን ወሬ ለእኔ ቀጠለ። ዝምቡን እንኳ እሽ ይለዋል፤ እሷን እንደዚያም አላላትም። ልጅቷ ፊቱን ቀና ብላ አየች፣ ትንሽ አጠናችውና «አዎ ብሏል» አለች። ልጄ ስኳሩን ጨመረች።

ያኔ ነው የገባኝ። ውሃ ጠምቶኛል ለእማዬ ንገራት ያለችው ልጅ በዚህ ቤት ነው አፍ የፈታችው። ሰው ከሰው የሚነጋገረው በሦስተኛ ሰው ነው ብላ ታምናለች። እዚያው ተነስቼ መጮህ ነበረብኝ። ግን እንግዳ ነኝ፣ ዒድ ነው፣ ሰውየው ሥጋ እየቆረጠ «ብላ እንጂ መምህር» ይለኛል። ለቆቦ ሙሉ ስመልስ የኖርኩ ሰው የሰጠኝን እየጎረስኩ ዝም አልኩ።

ልጄ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሚኒባስ እስኪመጣ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ያቺ ደንበኛሽ እንዴት ሆነች?» የሚል ነው። እንደማንኛውም ሰው ሆንኩ ማለት ነው።

«አለች» አለችኝ። «ያልከውን ነገርኳት። ቤቷ ተቀምጣለች።»

ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሚኒባሱ ሲመጣ ልጅቷን እንድስም ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት። መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ቆቦ ደረስኩ።

ዓርብ ከዐሱር ሰላት በኋላ አንድ ሽማግሌ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። ስንት ባልና ሚስት አብረን አስታርቀናል። «አብሽር፣ ተቀመጥ» አለኝ፤ ከመስጊዱ አጥር ሥር ተቀመጥን።

«አንድ ሰው አለ» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ያንን ሰው፣ ሴት ልጁን፣ የማይናገረውን ባል፣ የአራት ዓመቷን አስተርጓሚ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«መታት?» አለኝ።

«አይ።»

«አስራባት?»

«አይ።»

«ታዲያ በምን እንይዘዋለን?» አለ። በእኔው ቃል ነበር የመለሰልኝ። ደሜ ፈላ። የምቆጣበት ሰው ግን አጣሁ፤ ያን ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ስንት ሴት እንደጠየቅን አውቃለሁ። ስንቶቹን «አይ፣ አይ» አስብለን በመጡበት እንደመለስናቸው አላህ ይወቀው። የተመታች ሴት ቁስሏን ታሳያለች። ይቺ ምን ታሳይ?

ሽማግሌው መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። «የሰውየው ልጅ መጀመሪያ እሱን ጠይቃው ነበር?» አለ።

«ጠይቃዋለች።»

«ምን መለሰላት?»

«ሳቀባት» አልኩ። «ሰው ፊት።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይግባ ከማለቱ በፊት ያንን መልሱን ያርም» አለኝ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፤ ሲሄድም ያ ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

እዚያው አጥር ሥር ሆኜ ደወልኩላት። የስፌት መኪናዋ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

«ባለፈው ለጠየቅሽኝ ነገር» አልኳት «የሰጠሁሽ መልስ ትክክል አልነበረም። ንገሪያት።»

«ምን ልበላት?» መኪናው አልቆመም።

«ያ ቤት ልጅ የሚያድግበት አይደለም በያት። አልመታኝም ብላ መቀመጥ የለባትም። የአባቷ ቤት ደንብ የለውም፤ ስትፈልግ ትግባ። ሽማግሌም ቢመጣ አባቷ ፊታቸው ይቀመጣል፣ እሷ አትቀርብም። የሳቀውም አባቷ ጅል ስለሆነ ነው በያት።»

መኪናው ቆመ።

«አባዬ፣ ይሄን የምትለው ለማን ነው?»

«ላንቺ» አልኩ። «ላንቺ ነው ልጄ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ሳየው የልጅ ልጄ ድምፅ መጣ። «አባባ፣ እማዬ እየሰማችህ ነው።»

«ስልኩን መልሺላት የኔ ሸጋ» አልኳት። «ራሷ ትንገረኝ።»

ጠበቅሁ። አንድ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ «መምህር፣ አንዴ» አለኝ፤ በእጄ አባረርኩት።

«አባዬ» አለች ልጄ።

«ወይ።»

«የስፌት መኪና ሚኒባስ ላይ ይጭናሉ?»

ለሰው ነው አላለችም።

«አላውቅም» አልኳት። «ነገ ጠዋት ዋጃ መጥቼ እጠይቃለሁ።»