ይርዳውና የኋላው ሞላ

ይርዳው ገብረማርያም ሲወድቅ አይቼው አላውቅም፤ ወድቆ ሲመለስ ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር አየዋለሁ። ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባለው ሰፈር ያለችው የልብስ ስፌት ቤቴና የእሱ የሞተርሳይክል ጋራዥ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ክርኑ ተልጦ፣ ጆሮው ድረስ አሸዋ ሞልቶት፣ ሞተሩን እየገፋ ሲመጣ፣ "ዛሬም መሬት ስመህ መጣህ?" እለዋለሁ። "አሸዋው ነው እትዬ አበቡ" ይለኛል። ሁልጊዜ ጥፋተኛው አሸዋው ነው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ሞተርን ለአሸዋ ማስተካከል ሲባል በዚህ ከተማ ስሙ የሚጠራው እሱ ነው። ፈረንሳዮቹም የአገሩ ጎረምሶችም እሱ ዘንድ ይመጣሉ። ባለሞተሩን ከነሄልሜቱና ከነቦቱ ያስቀምጠውና ከኋላው ጎማ መሐል እስከ ፓራፋንጎው ይለካል። ሞተሩ ባዶውን ከነበረበት በሰውየው ክብደት አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ የኋላው ሞላ ለሰውየው ጠንክሯል። ኋላው ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማው አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ነጂውም በአፍንጫው ይተከላል። እኔ ልብስ ሰፊዋ እንኳ ይህን በግድግዳው በኩል ስሰማ ኖሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለራሱ ግን የለም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ?

ደግሞም ሰው የራሱን ሞተር ብቻውን መለካት አይችልም። ተቀምጦ ለመለካት ካጎነበሰ ክብደቱ ይዛወርና ልኩ ይሳሳታል። ሜትሩን የሚይዝ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ድሮ የምትይዝለት ሚስቱ ፅዮናዊት ነበረች። ዓርብ ሲሆን ከኋላው ተፈናጣ ከዶራሌ ወዲያ ወዳለው አሸዋ ይወጡ ነበር፤ እሷ እየጮኸች፣ እሱ እየሳቀ። ከዚያ እናቷን ላስታምም ብላ በባቡር ድሬዳዋ ሄደች። እናቷ ዐረፉ። ዐርባቸው ወጣ፣ ሙት ዓመታቸውም ወጣ። እሷ በስልክ "እመጣለሁ" እንዳለች ናት።

አብረውት የሚወጡት ጎረምሶች መጀመሪያ ላይ ሲወድቅ ቆመው ይጠብቁት ነበር። በኋላ ሰለቻቸው፤ አቧራቸውን ትተውለት ይሄዳሉ። ባለፈው ወር ትከሻው ወልቆ አሸዋው ላይ ብቻውን ተኝቶ ዋለ። ያነሳው አንድ የግመል እረኛ ነው። ያ ሰው ባያልፍ ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ነበር። እንደተሻለው ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ጋራዡ ገባሁ።

"ሞተርህ ላይ ውጣ።"

"እትዬ፣ ደንበኛ ይመጣል…"

"ውጣ አልኩህ!"

ወጣ። ለካሁ። መዳፍ ቀርቶ ሁለት ጣት እንኳ አልወረደም።

"ይኼ ሞላ ላንተ አይሆንም" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

ማወቁ ይበልጥ አበገነኝ። አንድ ነገር ልለው አፌን ስከፍት፣ ዞር ሳይል፣ "እስቲ ከኋላዬ ተቀመጪ" አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ቀሚሴን ሰብስቤ እንደምንም ወጣሁ። ሞተሩ በሁለታችን ክብደት ረጋ ብሎ ዝቅ አለና ቆመ። መለካትም አላስፈለገኝ።

"ከቀየርኩት ስትመጣ ሁለታችንን አይሸከመንም" አለ።

"ትመጣለች?"

"አላውቅም። ግን ሞላውን ከፈታሁት አትመጣም ማለቴ ነው።"

ወርጄ ቀሚሴን አራገፍኩና፣ "ደውልና እሷን ጠይቃት" አልኩት። እጁ ዘይት ስለነበረ ስልኩን እኔ ያዝኩለት።

"ፅዮን፣ ሞላውን ልሠራው ነው። ለስንት ሰው ላድርገው?"

ከወዲያ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ስንት ዘመን ሜትር ስትይዝለት የኖረች ሴት ናት፤ የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ገብቷታል።

"ይርዳው" አለች፣ "ለአንድ ሰው አድርገው።"

"እሺ" አለ።

ለስለስ ያለውን ሞላ ከመደርደሪያው አወረደና ሥራውን ጀመረ። እኔም ሜትሬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በነጋታውም በሠልስቱም ከመፍቻ ድምፅ በቀር ከግድግዳው ማዶ ምንም አልሰማሁም።

ዓርብ ሲወጣ እያየሁት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩን እየነዳ መጣ። ክርኑም ደህና፣ ልብሱም ደህና።

"እህስ?" አልኩት ከደጄ ላይ ሆኜ።

"ፊቱ ቀለለ እትዬ። አሸዋውን ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። ጎረምሶቹን ሁሉ ጥያቸው ሄድኩ።"

"እሰይ! ታዲያ ፊትህ ምን ሆኗል?"

ሄልሜቱን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ከሁሉም ስቀድም፣ አየሽ ወይ ልላት ወደ ኋላ ዞር አልኩ" አለኝ፤ አለቀሰም። ልብስ ልታስለካ የመጣችውን ደንበኛ ነገ ተመለሺ ብዬ ሸኘኋትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።