በጾም የቀረበልን የኖርዌይ ዓሣ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ወደብ አጠገብ ካለው የዓሣ ፋብሪካ የገባሁ ቀን የጎማ ሽርጥ፣ ቦት ጫማና ስል ቢላዋ ሰጡኝ። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። "ከሆዱ ጀምር፤ አከርካሪውን አውጣ፤ ጣትህን ተጠንቀቅ" አለኝ አሠሪው። ማታ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የዓሣው ሽታ ሲደርሳት ተነሥታ ሌላ ወንበር ፈለገች።

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ከበረዶው ጠረጴዛ አልተነሣሁም። ከጎኔ የሚሠራው የወሎው ሰይድ ነበር። በዕድሜ ያንሰኛል፤ በምላስ ይበልጠኛል።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ ዓሣ በጨው የሚታሽበት ክፍል ፎርማን ጡረታ ወጣ። ያ ክፍል ደረቅ ነው፤ እጅ በረዶ ውስጥ አይገባም። የእኔ ጣቶች ደግሞ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ብለው ነበር። ሐኪሙ "ከቅዝቃዜው ካልወጣህ አይሻልህም" ብሎኛል። አሠሪያችን ኖርዌይ የተወለደ ሽማግሌ ነው። "ከሁለታችሁ አንዳችሁን እሾማለሁ፤ መጀመሪያ ግን የአገሬን አሠራር እዩ" ብሎ ሁለታችንንም ኖርዌይ ይዞን ሄደ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር።

ያሳየን ባሕሩ ዳርቻ ላይ የቆመ፣ ዓሣ በጨው አሽተው ያደርቁበት የነበረ፣ አሁን ሙዚየም ሆኖ የታደሰ ፋብሪካ ነው። ታደሰ ማለት ሽታው ጠፋ ማለት ነው። ወለሉ እንደ ሰርግ አዳራሽ ያብለጨልጫል። ዓሣ ይበለትበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው ሳሙና ይሸጣል። ቢላዋ የያዘች የፕላስቲክ ሴት ቆማ ትስቃለች፤ እጇ ላይ አንድ ጭረት የለም። አስጎብኚዋ ልጅ "ሴቶቹ እየዘፈኑ ይሠሩ ነበር" አለችን። የትኛው አሠሪ ነግሯት እንደሆነ እንጃ። ሰው ከእንዲህ ያለ ቦታ ለመውጣት ይለምናል፤ ጎብኚዎቹ ለመግባት ትኬት ይቆርጣሉ።

"ጋሽ መኰንን፣ እኛንም ስንሞት በፕላስቲክ ያቆሙናል" አለኝ ሰይድ።

"አንተን ዝም ማሰኘት ከቻሉ" አልኩት።

በመጨረሻው ክፍል እንደ ድሮው በጨው የታሸ ዓሣ ተቀቅሎ በሦስት ሳህን ቀረበ። አሠሪያችን "ቅመሱና ጨው የበዛበትን፣ ያነሰበትንና ልክ የሆነውን ለዩልኝ። ጨው ክፍል የሚገባ ሰው ምላሱ መሥራት አለበት" አለ። ፈተናው ይህ ነበር።

"ጾም ላይ ነኝ" አልኩ።

"ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም!"

"በእኔ ቤት ነው።"

ሰይድ እጄን ጎተት አድርጎ በአማርኛ፣ "ጋሼ፣ ይህን ዕድል አይጣሉት። እኔ ልቅመስና ልንገርዎ፤ እርስዎ አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ" አለኝ።

"ለጾሜ ብዬ ልዋሽ? ይልቅ ለራስህ ቅመስ።"

"ወላሂ፣ እርስዎ ከፕላስቲኳ ሴትዮ ይብሳሉ" አለና ቀመሰ። ሦስቱንም ለየ። ሽማግሌው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ወደ እኔ ዞሮ "አንተ በጣም ጥሩ ሠራተኛ ነህ" አለኝ። ይህ ሹመት ለሚነፍጉት ሰው የሚሰጥ ቃል ነው።

ኦክላንድ ስንመለስ ሰይድ የጨው ክፍሉን ቁልፍ ተረከበ፤ እኔ ወደ በረዶው ተመለስኩ። ሚስቴ ከሳን ሆዜ ሥራዋ ገብታ ስትሰማ "ቄሱን ብትጠይቃቸው ይፈቅዱልህ ነበር" አለችኝ። ይሆናል። አልጠየቅኳቸውም።

በሳምንቱ ሰይድ መጥቶ "ጋሼ፣ ቅር ብሎዎታል?" አለኝ።

"ብሎኛል። አንተ ግን አልቀማኸኝም" አልኩት።

ጣቶቼ እስከ ዛሬ በወጉ አይታጠፉም። ሰው ለእምነቱ ብሎ አንድ ነገር ከተወ፣ የተወውን ያገኘውን ሰው መጥላት የለበትም። ጉዳቱ የራሱ ነው።