መቶ ሃያ በሰማንያ

ልብስ ሰፊው ልጁን «ዶክተር» ማለት የጀመረው ዩኒቨርሲቲ በገባች ማግስት ነው። ገና አንደኛ ዓመት መሆኗን፣ የምትማረውም የሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተዋውቅ የፊዚዮሎጂ ትምህርት ብቻ መሆኑን ደጋግማ ብትነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደንበኛ ሱሪ ሊለካ በገባ ቁጥር ከስፌት መኪናው ቀና ይልና «ዶክተር፣ እስኪ ወንበር አምጪላቸው» ይላል። ዶክተርም ወንበር ታመጣለች።

ጣጣው የመጣው ከደም ግፊት ትምህርት ጋር ነው። የመለኪያውን ጨርቅ ክንድ ላይ ጠምጥሞ በአየር መወጠር፣ ከዚያ አየሩን ቀስ እያሉ እየለቀቁ የደሙን ምት በማዳመጫ መስማት፤ ምቱ ሲጀምር ያለው ቁጥር የላይኛው፣ ሲጠፋ ያለው የታችኛው ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ አንዱን መለኪያ ተማሪው ሁሉ ይሻማበታል። ተራዋ ሲደርስ ከጓደኞቿ ጫጫታ በቀር ምንም አልሰማችም። መምህሯ «ሰምተሻል?» ስትላት ግን ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቅንቀው ስለነበር እሷም ነቀነቀች። እንዲህ ያለች ውሸት ማንን ትጎዳለች ብላ ነው።

አባቷ ደግሞ ልጄ ከማን ታንሳለች ብሎ የራሷን መለኪያ ገዛላት። ማዳመጫው ባለ ሁለት ፊት ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። የመጀመሪያው በሽተኛም ራሱ ሆነ፤ ለደም ግፊቱ ክኒን መዋጥ ከጀመረ ሰነባብቷልና። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሰፊውን ፊት ክንዱ ላይ አድርጋ ወጠረች፣ ለቀቀች። ጸጥ። ደገመች። ጸጥ። አባቷ ዓይን ዓይኗን ያያል። ምን ትበል? ዓይኗን በጨው አጥባ መጽሐፉ የጤነኛ ሰው ነው የሚለውን ቁጥር ነገረችው።

«መቶ ሃያ በሰማንያ።»

«የጎረምሳ ነዋ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ደረቱ ተነፍቶ። የዚያን ሰሞን ክኒኑን ተወ።

«አባዬ፣ ለማንኛውም ብትወስደው ይሻላል» አለችው ስትደርስበት።

«ለምን ብዬ? ሆዴን ያቃጥለኛል። ደግሞ መቶ ሃያ በሰማንያ ብለሽኝ የለም እንዴ?»

ምንም አልሰማሁም ማለት ሁለት ቃል ናት፤ እሷን አውጥቶ መናገር አቃታት። ከዚያ ወዲህ ክንዱን በዘረጋላት ቁጥር ያንኑ ትደግማለች። እውነት እንዲመስልም አንዳንዴ አምስት ትጨምርበት፣ አንዳንዴ ትቀንስለት ነበር። በኋላ ከሁሉ ያሳፈራት ይህ ነው፤ ለውሸቷ ያን ያህል መጠንቀቋ።

ማጅራቱን ይዞት ሲያሽ ታያለች፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው ታያለች። እሱ በመብራቱ ያሳብባል።

አንድ ቀን የራሷን ማዳመጫ ይዛ ቤተ ሙከራ ገባች። መምህሯ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰፊውን ፊት በጣቷ መታ መታ አደረገችና አንገቱን ይዛ ስታዞረው ቀጭ አለ።

«ይሄ ተዘግቶ ነበር» አለቻት። «አንዱ ሲሰማ ሌላው ይደነቁራል። ሳታዞሪው ነው እንዴ ስትለኪ የከረምሽው?»

የጓደኛዋን ክንድ ወጥራ ለቀቀች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው የሰው ምት ነው፤ ደስ ሊላት ሲገባ ትዝ ያላት የአባቷ ክንድ ነው። ትምህርቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ጡረታ ለወጣው ሹፌር ጎረቤታቸው ኮት እየለካ ነበር።

«አባዬ፣ ክንድህን።»

«አይ ዶክተር። እዩልኝ፣ ጤናዬን እንዴት እንደምትከታተለው» ብሎ ለሹፌሩ ጠቀሰና እጅጌውን ሰበሰበ።

ምቱ የጀመረው መቶ ሰማንያ ላይ ነው። መቶ አሥር እስኪደርስ አልጠፋም።

«ያው ነው አይደል?» አለ አባቷ ፈገግ ብሎ።

ያው ነው ብትል እዚያው ያልቅ ነበር።

«አይደለም። መቶ ሰማንያ ነው። ያኔም ምን እንደነበር አላውቅም፤ ምንም አልሰማሁም ነበር።»

የሹፌሩ ዓይን ወለሉ ላይ ተተከለ። «መሣሪያው ይሆናል፣ ልጄ» አለ ሊያስታርቅ።

አባቷ ይህችን ሰበብ አገኘ። «አዎ፣ መሣሪያው ነው። ከደህና ቦታ አልገዛሁላትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «መሣሪያው ደህና ነው፣ አባዬ። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ። ሁለቱም ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ነርሷ «ክኒኑን ተዉ ያለዎት ማን ነው?» ብላ ስትቆጣው፣ «ማንም፤ በራሴ ነው» አለ። ልጁ አንገቷን ደፍታ «እኔ ነኝ» አለች። ነርሷ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና አዲስ ክኒን አዘዘች።

ክኒኑን አሁን ይውጣል፤ ማጅራቱም ለቆታል። ዶክተር የምትለዋ ስም ግን ከዚያ ቤት ቀረች። ደንበኛ ሲገባ «ልጄ፣ ወንበር» ይላል። ጠዋት ጠዋት ክንዱን እንደ ድሮው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋላታል፤ አልቀየማትም። ቁጥሩን ስትነግረው ብቻ ፊቷን ትንሽ ያየዋል።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ።»

ጥርት አድርጋ ሰምታለች። ግን ጨርቁን እንደገና ትወጥረዋለች፤ እሱም ክንዱን አያነሳም።