አመድ የዋጠው መቃብር

አባቴ ከአፋር ጨው የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በረሃው ላይ ትኩሳት ጣለው፤ ረዳቱ ከሁለት መንገደኞች ጋር ሆኖ እዚያው መንገድ ዳር ቀበረውና ድንጋይ ከመረበት። እናቴ መቃብሩን አይታው አታውቅም።

እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ያን አገር ሸፈነው የተባለ ዕለት እናቴ ፒያሳ ካለው ቤታችን ሳትወጣ ዋለች። አመሻሹ ላይ "ሂጂና እዪልኝ" አለችኝ።

ቦታውን የሚያውቁት የዚያን ጊዜው ረዳት ብቻ ናቸው። ዛሬ ሽበታም ሰው ሆነዋል፤ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ትንሿን ሱቃቸውን ወደ ስድስት ኪሎ አዛውረዋል። ጋሼ ነው የምላቸው።

"ጉልበቴን እንጃ እንጂ መንገዱንስ አልረሳውም" አሉኝ።

የተከራየነው መኪና አፋር ውስጥ አመዱ እስከጀመረበት ቦታ አድርሶን ተመለሰ። ውሃና ብስኩት በጀርባችን አዝለን፣ አንድ የአፋር ጎልማሳ እየመራን፣ ሁለት ቀን በእግር ሄድን። ቁጥቋጦው፣ ድንጋዩ፣ የሞቱት ፍየሎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነበር። ስንረግጥ ድምፅ የለም። ዞር ስል ነፋሱ ዱካችንን ደፍኖታል።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ ቆሙ። "እዚህ ነው።" በእጃችን ቆፈርን፤ ከአመዱ ሥር ሌላ አመድ። ትንሽ ሄድ ብለው "አይ፣ እዚህ ጋ ነው" አሉ። እዚያም የለም። አራተኛው ቦታ ላይ ቁጭ አሉና ድንገት ቀና አሉ።

"ሰማሽ?"

"ምኑን ጋሼ?"

"የአባትሽን መኪና። ማርሽ ሲቀይር።"

መሪያችን ወደ እኔ አየ። በዚያ በኩል የድሮውን መንገድ አመድ ውጦታል፤ መኪናም አልነበረም። እኔ ግን ምንም እንደሌለ እያወቅኩ ጆሮዬን አቀናሁ፤ ዓይኔን ከዚያ መንቀል አቃተኝ። ጋሼ አለቀሱ። "ያን ጊዜም ብቻውን ጥዬው ሄድኩ" አሉ። የቆምንበት ቦታ ላይ ፋቲሃ ቀርተን፣ ዱዓ አድርገንለት ተመለስን።

ቤት ስገባ እናቴ ጫማዬ ላይ ያለውን አመድ አየች።

"ድንጋዮቹ አሉ?"

"አሉ፣ እማ።"

"አመዱ አልነካቸውም?"

"ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ አልነካቸውም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሳምንቱ ስድስት ኪሎ ሄጄ ጋሼ እንዳያጋልጡኝ ለመንኳቸው።

"ስንመለስ ገና መንገድ ላይ ሳለን እናትሽ ደውላልኝ ነበር፤ አንቺ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር" አሉ። "አላገኘነውም አልኳት። እናትሽን መዋሸት አልቻልኩም።"

ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን መስማቴን አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ሲመሽ ስለ መቃብሩ ትጠይቀኛለች፤ ነፋስ ይበዛበታል ወይ፣ ሰው ያልፍበታል ወይ ትለኛለች። እኔም ከራሴ እየጨመርኩ እመልስላታለሁ። ባለፈው፣ አጠገቡ አንዲት ግራር አለች አልኳት።

"ትልቅ ናት?" አለችኝ።