የምስክሩ ጥርስ

ሰውየው ሲናገር አፉን በመዳፉ ይከልላል። አስተርጓሚዋ ሐመልማል አጠገቡ ከተቀመጠች አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው፤ ጥርሱን ግን አላየችም። የኤርፖርት ሹፌር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው የመጣው፤ ክራቫቱን አጥብቆ አስሯል።

ከሲያትል ወጣ ያለችው ትንሽ ከተማ ምክር ቤት የመጠጥ ውሃው ላይ ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለውን ፍሎራይድ መጨመር ይቁም ወይስ ይቀጥል ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ሰውየውን ለምስክርነት የጠሩት ይቁም ባዮቹ ናቸው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥርስ እስኪያበላሽ ድረስ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ተራዎ ደረሰ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ኦኬ?»

«ለጥርሴ ይበቃል፣ እታለም።»

ማይኩ ፊት ቆመ።

«አሳያቸው እንጂ!» አለች ከይቁም ባዮቹ አንዷ በእንግሊዝኛ።

እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ጥርሱ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቡናማ ነው።

«የእኛን ውሃ የለካ ሰው አልነበረም» አለ። «እናንተ ግን በየቀኑ ትለካላችሁ። ልጆቼ ይህንኑ ውሃ ጠጥተው አደጉ፤ ጥርሳቸው ደህና ነው። በእኔ አሳብባችሁ አታቁሙት።»

ሐመልማል አንድም ቃል ሳትጥል ተረጎመች።

አራት ለሦስት፣ ይቁም ተባለ። የመጨረሻውን ድምፅ የሰጡት አዛውንት ማይኩን ጠጋ ብለው ምክንያታቸውን ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለ ሰውየው።

«ያንን ጥርስ ካየሁ በኋላ ሌላ ምን እጠይቃለሁ አሉ» አለችው።