ከአጥር ውጭ የተነበበ ኦሪት

መምህር ገብረአምላክ ኦሪት ዘሌዋውያንን ከነትርጓሜው የተማሩት ጎንደር ነው። ኮልፌ መጥተው በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጉባኤ ከዘረጉ በኋላ ተማሪ ቸግሯቸው አያውቅም። ለዳዊት የሚመጣ አለ፤ ለቅኔ የሚመጣ አለ፤ ለሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣ አለ። ለዘሌዋውያን ብሎ የመጣ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ብሉይን የጀመረ ተማሪ ከዘፍጥረት ተነሥቶ በዘፀአት ባሕሩን በደኅና ይሻገርና፣ ድንኳኑ ተተክሎ የመሥዋዕቱ ሥርዓት ሊጀመር ሲል እናቱ ይታመሙበታል። ታመው የዳኑ እናት እንኳ ልጃቸውን መልሰው አልላኩም።

ደፈር ያለው ተማሪ፣ “የኔታ፣ ይህ እኮ የአይሁድ ሥርዓት ነው፤ በክርስቶስ ተፈጽሟል” ይላቸዋል።

“ተፈጽሟል ማለትና አይነበብ ማለት አንድ አይደለም” ብለው መጽሐፉን ይከድናሉ።

ትርጓሜው እንዳይጠፋባቸው ማለዳ ማለዳ ለብቻቸው በቃላቸው ይወርዱታል። ጠያቂውም መላሹም እርሳቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን በመልሱ ሳይስማሙ ይውላሉ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ፈቀደ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አቶ ፈቀደ የአጣና ነጋዴ ናቸው፤ ነገርንም እንደ አጣና ከቅርንጫፉ መልምለው ማቅረብ ይወዳሉ።

ነገሩ የሸዋገነት ነበር። ሸዋገነት የሟቹ የአቶ አየለ ልጅ ናት። በልጅነቷ ሥጋ ደዌ ይዟት የሰፈሩ ሰው ዘነበወርቅ ሆስፒታል አስወስዷት ነበር። እዚያ ታክማ፣ ድና፣ አባቷ ሲሞቱ ወደ ቤታቸው ተመለሰች። በግራ እጇ ጣት የላትም። አሁን በአባቷ ፈንታ እድር ልግባ ብላለች። በኮልፌ እድር የሌለው ሰው ሲሞት የሚያነሣው የለም፤ ሸዋገነትም የፈራችው ይህንኑ ነው።

“አባቴ፣ የምንፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው” አሉ አቶ ፈቀደ። “ኦሪት ‘ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ’ ይላል፤ አይደል?”

“ይላል።”

“በቃ፣ ጨረስን።”

“እናንተ ጨረሳችሁ፤ መጽሐፉ ግን ገና ነው። ማን ይቀመጥ ነው የሚለው?”

“ለምጽ ያለበት ነዋ!”

“ለምጽ እንዳለባት ማን አየ?”

“ኧረ አባቴ! ሰፈሩ በሙሉ ያያታል።”

“ሰፈር አይልም። ካህን ይየው ነው የሚለው።”

አቶ ፈቀደ ካህን ፍለጋ ዙሪያውን ቃኙ። ከመምህር ገብረአምላክ በቀር ማንም አልነበረም። መምህሩም ነገሩ ወደ ማን እንደ ዞረ የተረዱት ገና በዚያች ቅጽበት ነው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ፈሩ። “ካህኑ ይየው” የሚለውን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ አትተውታል፤ ዓይን የልቡና፣ ካህን የንስሐ ምሳሌ መሆኑን ከነምክንያቱ ያውቃሉ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ለሚቀመጡት ሕሙማን መስቀል ሲያሳልሙ ግን እጀታው የረዘመውን ይመርጡ ነበር።

ሰኞ መነጽራቸውንና መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ሸዋገነት ቤት ወረዱ። ሸዋገነት ከግቢዋ ሆና አየቻቸውና፣ “እዚያው ይቁሙ አባቴ፤ እኔ እወጣለሁ” አለች።

“አይሆንም። የሚወጣው ካህኑ ነው ይላል። አንቺ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ።”

ደጃፏ ሲደርሱ ግን አልገቡም። ሰው የሚዳኝበትን ሕግ ሳይሰማ ሊዳኝ አይገባም ብለው፣ ከአጥሩ ውጭ እንደ ቆሙ መጽሐፉን ገልጠው በግዕዝ አነበቡ፤ በአማርኛ ተረጎሙ፤ ከዚያም “አንድም” እያሉ ማተት ጀመሩ። ጎረቤት እየወጣ ቆመ። ሸዋገነት ሁለት እጆቿን ዘርግታ ትጠብቃለች።

“የኔታ” አለች በመጨረሻ፣ “ክንዴ ዛለ እኮ። እኔን ሲያስወጡኝ ይህን ሁሉ አላነበቡልኝም፤ አንዲት መስመር በቃቻቸው።”

መምህሩ መጽሐፉን ከደኑ። ገቡም። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው፣ መጽሐፉ እንደሚያዝዘው አዩ፦ ጠጉሩ ነጥቶ እንደ ሆነ፣ ቆዳው ጎድጉዶ እንደ ሆነ፣ ጥሬ ሥጋ ታይቶ እንደ ሆነ። የግራ እጇ ቁስል ከብዙ ጊዜ በፊት ተዘግቷል። በስፍራው የቆመና ያልሰፋ ጠባሳ ደዌ አይደለም፤ መጽሐፉ ይህን በግልጥ ለይቶታል። “ጠባሳ የተሰረየ ኃጢአት መታሰቢያ ነው” እያሉ ለዓመታት ሲያትቱት የኖሩት ጠባሳ፣ እነሆ ጠባሳ ሆኖ ተገኘ።

በቀኝ ክንዷ ላይ ግን ነጣ ያለ ነገር አዩ። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም አዩት።

“ይህ ያጠራጥራል” አሉ።

“ሐኪሙ ድነሻል ብሎ ወረቀት ሰጥቶኛል። አቶ ፈቀደ ወረቀት አላምንም ብለው ነው እንጂ።”

“ሐኪሙ የተናገረው ለሥጋሽ ነው። እኔ የምናገረው ለሰፈሩ ነውና ልሳሳት አይገባኝም። ሲያጠራጥር ሰባት ቀን ቆይተህ ዳግመኛ እይ ይላል።”

“ሰባቱን ቀን የት ልቀመጥ?”

“በቤትሽ፣ ለብቻሽ።”

“እንዲያማ ከሆነ ከመጣሁ ጀምሮ እየፈጸምኩት ነው።”

መምህሩ መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

በዚያ ሳምንት አቶ ፈቀደ ከሱቃቸው ደጃፍ አልጠፉም፤ በአማርኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መምህሩን መያዣ ይፈልጋሉ። ሐሙስ ዕለት ያገኙ መሰላቸው።

“አባቴ! ሁለት ወፍ ይላል። አንዷ ትታረዳለች፣ አንዷ ትለቀቃለች። ወፎቹ የት አሉ?”

“መሥዋዕቱ ቀርቷል። ማየቱ አልቀረም።”

“የቀረውን ካልቀረው ማን ለየው? ደግሞስ ይህ ሁሉ ለአይሁድ የተጻፈ አይደል እንዴ?”

“ፈቀደ፣ ስታስወጧት የእናንተ ነበር። ልትመለስ ስትል የአይሁድ ሆነ?”

አቶ ፈቀደ መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጡ። “ታዲያ ልጅቱን ያስወጣናት በምኑ ነው?”

“በአንዱ ምዕራፍ። የሚቀጥለው የሚጀምረው በመመለስ ነው። እስከዚያ ድረስ ያነበበ አልነበረም።”

በሰባተኛው ቀን መምህር ገብረአምላክ አቶ ፈቀደን ለምስክርነት ይዘው ሄዱ። ነጩ ነገር እንዳለ ነው፤ አልሰፋም፣ አልጎደጎደም፣ ጠጉሩም ጥቁር ነው። መምህሩ ክንዷን በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ይህን መጽሐፉ አላዘዛቸውም። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ በሚሰማ የቅዳሴ ድምፅ፣ “ንጽሕት ናት!” አሉ።

ሸዋገነት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። “እስቲ ይድገሙት አባቴ።”

ደገሙት።

“እንግዲህ ትመዝገብ” አሉ አቶ ፈቀደ። “ግን ለሰው ደስታ ሲባል፣ ሰሃኗን ለብቻ ብናደርግላት…”

“የሰሃኑ ምዕራፍ ስንተኛው ነው?”

አቶ ፈቀደ ሳምንቱን ሙሉ ሲያነቡ ሰንብተዋልና መዋሸት አልቻሉም። “አላገኘሁትም” አሉ። ቀጥለውም፣ “አባቴ፣ ከዚህ የሚቀጥለው ስለ ምንድን ነው?”

“ስለ ሰውነት ፈሳሽ ነው። ምሳህን ከበላህ በኋላ ና።”

በኅዳር አንዲት የእድሩ አባል አረፉ። ከድንኳኑ ጀርባ ሴቶቹ ለለቀስተኛው ወጥ ይሠራሉ፤ ሸዋገነትም ሽንኩርቱን በግራ መዳፏ ተጭና በቀኟ ትከትፋለች። የሴቶቹ አለቃ ወይዘሮ የሺእመቤት መጥተው ትሪውን አዩ። ሌሎቹ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ተመለከቱ።

“አንቺ ሸዋዬ!” አሉ። “ይህ ሽንኩርት ነው ወይስ የመንገድ ኮረት? ለቀስተኛውን አንቀሽ ልትገድዪብኝ ነው?”

“ጥርስ የሌለው አይብላ እትዬ፤ መርቆ ይሂድ!”

“ምላሷን እዩልኝ! በይ አድቅቂው፤ የአባትሽ እድር በወጥ ታምቶ አያውቅም።”

ሸዋገነት ትሪውን ወደ ራሷ ስባ እንደ ገና ከመጀመሪያው መክተፍ ጀመረች።