ሣር ያለቀባት ፕላኔት

ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌ ስንጓዝ የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ... እኔ ግን እንኳን ፈነዳ እላለሁ።

መቼም ታውቁኛላችሁ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ነፍሴ ነው። ግን ምድር በየምዕራፉ ስትጠፋ ማንበብ ሰለቸኝ። ሰዎች አዲስ ዓለም አግኝተው፣ ችግር ሲገጥማቸው ተመካክረው የሚፈቱበት መጽሐፍ አማረኝ። አዲስ አበባ መጽሐፍ ሻጭ ደንበኛዬን ብጠይቀው፣ «ማንም የማይሞትበት? እትዬ፣ እሱማ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ጎማው እስኪቀየር ሜዳው ላይ ተቀምጠን ይህንኑ ከጎኔ ለነበረው ተሳፋሪ ሳወራለት ከቦርሳው ደብተር አወጣ። ሞላሌ ፊዚክስ ያስተምራል። ለካ እሱ ራሱ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እየጻፈ ኖሯል!

በታሪኩ አርባ ሰዎች ብርዳም ፕላኔት ላይ ሰፍረዋል። ገብሱ በቅሎላቸዋል። ቤት የሚከድኑበት ሣር ግን ባጨዱት ቁጥር እየሳሳ ሄደ። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። መምህሩ እዚህ ላይ ዓመት ሙሉ ቆሟል።

«ማዳበሪያ ፈጠርኩ፣ ማሽን ፈጠርኩ... አልሆነም። አሳታሚውም ወይ ጦርነት ጨምርበት ወይ ተወው አለኝ። ልተወው ነው።»

አጠገባችን ጋቢ ተከናንበው ሲያደምጡ የነበሩ አዛውንት ጣልቃ ገቡ።

«ሣሩን ስንት ዓመት ዘጉት?»

«እነማን፣ አባባ?»

«ሰዎችህ ናቸዋ!»

«ኧረ አልዘጉትም።»

«በየዓመቱ ነው የሚያጭዱት? ወይ ጉድ! ሽማግሌ የላቸውም እንዴ? አንተስ በአነጋገርህ ያገሬ ልጅ ነህ፣ ከጓሳ የሣር ሜዳ ሥር አይደል ያደግኸው? ሣሩ ሦስት አራት ዓመት እንዳይታጨድ ይዘጋል፣ ጠባቂ ይቆምለታል፣ ሲደርስ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል። እስከዚያ ጣራቸውን በገብስ አገዳ ይጠጋግኑ!»

መምህሩ ደብተሩን ገለጠና እስክሪብቶ አወጣ። «እኔ እኮ... በዚያ ሣር በተከደነ ቤት ነው የተወለድኩት!»

ሞላሌ ስንወርድ አዛውንቱ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ተመለሱ።

«መምህር... ክረምቱ ሳይገባባቸው ንገራቸው። አደራ።»

መምህሩ የፈጠራ ታሪክ መሆኑን ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተና... ተወው። «እሺ አባባ፣ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»

ስንለያይ አድራሻዬን ተቀብሎኝ ነበርና ትናንት የመምህሩ ደብዳቤ ደረሰኝ። ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ምዕራፍ ስምንት፣ ሣሩ ተዘጋ።»

እኔም ማጭዴን ስዬ እስኪከፈት እየጠበቅኩ ነው።